የአልጣሽ አልጠወልግ ያለ ሰላጣ

አልጣሽ ሰላጣ ቀምሳ አታውቅም። ታበቅላለች፣ ታርማለች፣ ታጠጣለች፣ ትሸጣለች፤ ወደ አፏ ግን አታደርሰውም። «ጥሬ ቅጠል በግ ይብላው፣ ፈረንጅ ይብላው፤ እኔን ምን አጥፍቼ!» ትላለች። ጎመን ሲሆን ሌላ ነገር ነው፤ ጎመን ይቀቀላል፣ ዘይት ይነካዋል፣ ለወግ ይበቃል። ሰላጣ ግን በእሷ አነጋገር ሳይነኩት የሚያለቅስ ቅጠል ነው፤ ፀሐይ አየኝ ብሎ ይተኛል፣ እጅ ነካኝ ብሎ ይጠቁራል፣ ፌስታል ውስጥ ካደረ ደግሞ ጠዋት ንፍጥ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ሁሉ እያለች ኑሮዋ በሰላጣ ነው። ከላሊበላ ቁልቁል ከምንጩ ሥር፣ ከአባቷ የደረሳት ጠባብ መሬት አላት። እዚያ ከመግባቷ በፊት ዕድሜዋን የጨረሰችው ጠላ ስትሸጥ ነበር። ጠላ መጥመቁን አትጠላውም፤ የምትጠላው ጠጪውን ነው። የትኛው ባል በሚስቱ እንደተናቀ፣ የትኛው ወንድም የወንድሙን ድንበር እንደገፋ፣ የትኛው ቄስ በየትኛው ቄስ ካባ እንደሚቀና፣ ሁሉንም እዚያ ቤት ሰምታለች። አንዱንም ንገሩኝ ብላ ጠይቃ አታውቅም። ሰካራም አንዴ ካለቀሰ በኋላ ለሁለተኛው ጣሳ እንደገና ያለቅሳል፤ ጠላ ሻጭ ደግሞ «አይዞህ» ማለት አለባት። የአትክልቱን ቦታ ያገኘች ቀን ጋኖቿን አፋቸውን ወደ ታች ደፍታ ከጓሮ አስቀመጠቻቸው። ቅጠል ደግነቱ አያወራም።

ችግሩ ቅጠሉን የሚገዛት አንድ ሆቴል ብቻ መሆኑ ነው። ባለፉት ክፉ ዓመታት እንግዳ ጠፍቶ ግማሹ ሆቴል በሩን ዘግቶ ነበር፤ የከፈተውም ገና እያነከሰ ነው። በየጊዜው የሚያዛት ከኮረብታው ጫፍ ያለው ሆቴል ሲሆን የወጥ ቤቱ አለቃ አድማሴ ይባላል። አድማሴ ረጅም ነጭ ቆብ የሚያደርግ፣ ሽንኩርት ሲከትፍ እንኳ ሰው እያየው እንደሆነ የሚያስብ፣ «ሼፍ» ካልተባለ የማይሰማ ሰው ነው። ሚስቱ አለሜ ከክረምቱ በፊት ተቀይማ ወላጆቿ ዘንድ ወገል ጤና ሄዳለች። ከዚያ ወዲህ ጨው ይበዛበታል ይላሉ አስተናጋጆቹ።

ጾመ ነቢያት ሊገባ ሲል አድማሴ አልጣሽን ጠርቶ አንድ ሳህን አሳያት። ሳህኑ ላይ ከትናንት ወዲያ ያመጣችው ሰላጣ ነበር፤ ነበር ማለት ይሻላል።

«እትዬ አልጣሽ፣ ይህን ለእንግዳ ላቅርበው?»

«ፍሪጅ የላችሁም?»

«ፍሪጁ መብራት ሲኖር ነው ፍሪጅ የሚሆነው። መብራት ደግሞ ያው እንደሚያውቁት ነው።» ቆቡን አስተካከለ። «ሥራ አስኪያጁ ከቆላ በመኪና የሚያመጣ ሰው አግኝቻለሁ ብሏል። ለገና የሚመጣውን ሕዝብ በዚህ ንፍጥ አልቀበልም። እስከዚያ ካልተሻሻለ እንለያያለን።»

ያን ቀን አልጣሽ ቁልቁለቱን ስትወርድ የታያት የተደፉት ጋኖቿ ነበሩ። ሆቴሉ ከተዋት ያን ሁሉ ቅጠል የሚገዛት የለም፤ ጋኖቹን መልሳ ማቅናቷ ነው። ያን ሁሉ ለቅሶ እንደገና መስማት!

ማኅሌት የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ማኅሌት ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር፣ የአትክልት አያያዝ የምታጠና፣ ጫማዋ ጭቃ መንካቱን የማትጠላ ወጣት ናት። ከጤፍ ገለባ የተሠራና የንብ ሰም የተቀባ ወረቀት፣ እንዲሁም የጣት ጫፍ የሚያክሉ ትናንሽ የወረቀት ከረጢቶች ይዛ አልጣሽ መደብ ድረስ ወረደች።

«ንቁ ማሸጊያ ይባላል፣ እትዬ» አለቻት።

«ንቁ ከሆነማ ማታ አጥሬን ይጠብቅልኝ። ጃርት አስቸግሮኛል።»

ማኅሌት ሳቀች፤ ከሳቀች በኋላ ግን አስረዳቻት። ቅጠል ከተቆረጠም በኋላ ይተነፍሳል፣ ያልበዋል። ፌስታል ላቡን አፍኖ ይይዝና ሻጋታ ይጠራበታል። በሰም የተቀባው ወረቀት እርጥበቱን በልክ ይይዛል፣ ትንፋሹን በልክ ያሳልፋል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የከሰል ዱቄት የተረፈውን ላብ ይመጥጣል፤ ከከሰሉ ጋር የተደባለቀው ጦስኝ ደግሞ በጠረኑ ሻጋታውን ያባርራል። ሲያልቅ መሬት ቢጣል ማዳበሪያ ይሆናል እንጂ እንደ ፌስታሉ አህያ አንቆ አይገድልም። አልጣሽ ጦስኝ ሻይ ውስጥ ገብቶ ጉንፋን እንደሚያባርር ታውቃለች፤ ሻጋታም ቢያባርር አልገረማትም። ከደጋው ተራራ የፈለገችውን ያህል መልቀም ትችላለች።

መጀመሪያ ጊዜ ሠራ። ሁለተኛ ጊዜ የወረቀቱ ከረጢት በርጥበቱ ተቀደደና ከሰሉ ሰላጣው ላይ ፈሰሰ። አድማሴ ጥቁር ሰላጣ ይዞ ሲጮህ ከሆቴሉ በር ይሰማ ነበር። ማኅሌት አጥብቆ የተሰፋ ስስ የጥጥ ጨርቅ ቢሆን እንደሚሻል ነግራት፣ ተማሪዎቿን ልትፈትን ሄደች፤ ከጥምቀት በኋላ እመለሳለሁ አለች።

እንግዲህ ጥፋቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። አልጣሽ ዓይኗ መርፌ ቀዳዳ አያይም። ትንሽ ከረጢት አጥብቆ የሚሰፋ ሰው ፈለገች። በላሊበላ ከተማ እንዲህ ያለ ሥራ ከመሪጌታ አረጋ በላይ የሚያውቅ የለም። መሪጌታ ዜማውንም ቅኔውንም የተማሩ፣ ነገር ግን ከየደብሩ አለቃ ጋር እየተጣሉ ደጅ የቀሩ ሰው ናቸው፤ አሁን የሚተዳደሩት ክታብ ጽፈው፣ ማኅደሩን ራሳቸው ሰፍተው በመሸጥ ነው። አልጣሽ የአሮጌ ነጠላዋን ቁራጭ ወስዳ ሰጠቻቸው። መሪጌታም እጃቸው የለመደውን ሰፉ፤ አራት ማዕዘን፣ ዳር ዳሩ በቀይ ክር ሦስቴ የተመታ፣ ከላይ የአንገት ክር የሚገባበት ቀለበት ያለው።

«ይቺ ቀለበት ምን ታደርጋለች?» አለቻቸው።

«ያለ እሷ እጄ አይጨርስም።»

አልጣሽ ከሰላጣው መሐል ጎትቶ ለማውጣት ይመቻል ብላ ተቀበለች። ጦስኝና ከሰሏን ሞላች፣ ለመሪጌታ መልሳ ሰጥታ አፉን አሰፋች፣ በሰም ወረቀት በተጠቀለለው ሰላጣና ቆስጣ መሐል እየወሸቀች ቅርጫቷን አስረከበችና ወደ ቤቷ ሄደች።

የሆነውን አስተናጋጆቹ እስከ ዛሬ እየተቀባበሉ ያወሩታል። አድማሴ ወረቀቱን ገልጦ እጁን ወደ ሰላጣው ሰደደ፤ ቀይ ክር ያለው ነገር ይዞ ወጣ። ቆቡ ወደቀ። «የእግዚአብሔር ያለህ! ተቀብሬ ኖሯል! እዚህ ሰላጣ ውስጥ ተቀብሬ ነው የኖርኩት!» ብሎ ወደ ኋላው ሲያፈገፍግ የምስር ድስት ደፋ። ትዳሩ የፈረሰበትን ምክንያት ያን ጊዜ አገኘው። አለሜ የሄደችው ክረምት ሳይገባ፣ ከረጢቱ የመጣው ዛሬ፤ ይህን ማን ያሰላል! እንለያያለን ስላላት አልጣሽ መተት አሠርታበታለች፤ አበቃ። ከመደርደሪያው የጸበል ጠርሙስ አውርዶ ወጥ ቤቱን ረጨ። ቅርጫቱን ከነጉዱ በረጅም እንጨት አንጠልጥለው ከሆቴሉ አጥር ሥር፣ ጥላው ላይ አስቀመጡት። ዘበኛው ጣሃ እንዲያቃጥለው ታዘዘ።

«እኔ የምፈራው አላህን ብቻ ነው» አለ ጣሃ። «ግን ክብሪት የለኝም።» ወንበሩንም ራቅ አድርጎ ተቀመጠ።

ቅዳሜ ገበያ ላይ አልጣሽ ጎመኗን ዘርግታ ብትቀመጥ ግራና ቀኟ ያሉት ሴቶች እየተንፏቀቁ ሸሿት። ስንት ዓመት ከእሷ የገዙ ሰዎች በፊቷ ሲያልፉ አማተቡ። «ሼፉ ላይ አስደግማበት፣ ሚስቱን በየት አገር አስኮብልላበት» ይባባላሉ። አልጣሽ ብድግ ብላ «እኔ ሰው ላይ ማስደገም የምችል ብሆን ኖሮ መጀመሪያ የናንተን ምላስ አስይዝ ነበር!» ብትላቸው ባሰ። አፏ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ በደህና ቀን ያስቃል፣ በክፉ ቀን ይቀብራል።

በዚያው መሪጌታ አረጋ ቤት ሄደች።

«መሪጌታ፣ ወጥተው ይናገሩልኝ። የሰፉት እርስዎ፣ የሞላሁት እኔ። ጦስኝና ከሰል ነው ይበሉልኝ፤ ሌላ አልለምንዎትም።»

መሪጌታ መርፌያቸውን ብራናው ላይ ሰኩ። «ልጄ» አሏት፤ ዕድሜያቸው እኩል ነው። «ከእኔ እጅ የወጣ ማኅደር ኃይል የለውም ብዬ በአደባባይ ልናገር? ነገ የእኔን በር ማን ያንኳኳል?»

«እውነቱ እኮ ነው!»

«እውነትነቱንማ እኔም አውቃለሁ። ያስቸገረኝ እሱ ነው።»

«እግዜር ያሳይዎት!» ብላቸው ወጣች። መንገድ ላይ አለቀሰች፤ ሰው እንዳያያት ነጠላዋን አፏ ላይ ጠቅልላ። ቤት ስትደርስ አንዱን ጋን አቅንታ ውስጡን አሸተተች። አፈር አፈር ይላል። መልሳ ደፋችው።

ከአጥሩ ሥር ያለውን ቅርጫት ግን ማንም አልነካውም። ጣሃ ከሩቅ ያየዋል። በማግሥቱ አየው፤ በሦስተኛውም ቀን አየው። ሰላጣው እንደቆመ ነው። ወሬው ወጥ ቤት ገባ፤ ከወጥ ቤት ከተማ ወጣ። ሰው እየመጣ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ይመለከት ጀመር። አንዷ «እንግዲያው አልጣሽ በከንቱ ነው የተወራባት» ትል ይሆናል ብሎ የሚያስብ ካለ የላስታን ሰው አያውቅም። የተባለው «መተት ባይሆን ኖሮ እስካሁን ይጠወልግ ነበር!» ነው። አልጣሽ ይህን ስትሰማ ሳቋ መጣ፤ ሠራልኝ ብላ ደስ የሚላት ነገር ሠርቶ ገደላት።

ያዳናት ስስት ነው። የቆላው መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀረ፤ ሆቴሉ በጾመኛ እንግዳ ተሞልቷል፤ ቅጠል የለም። ክታብም ሰይጣንም የማያስፈራው፣ ኪሳራ ብቻ የሚያስፈራው ሥራ አስኪያጁ እጅጌውን ሰብስቦ ወጣና ቅርጫቱን ራሱ ተሸክሞ ገባ። ከረጢቶቹን አውጥቶ መስኮት ላይ ደረደረ፣ ቅጠሉን አጠበ፣ አቀረበ። እንግዶቹ በሉ። አንዱም አላበደም፤ እንዲያውም ጨምሩልን አሉ።

በማግሥቱ አልጣሽ ተጠራች። አድማሴ ሥራ አስኪያጁ እስኪሄድ ጠብቆ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ትዕዛዙ እንደ ቀድሞው ነው፣ እትዬ። ግን ያን ነገር እንዳይረሱ።»

«የቱን ነገር?»

«ያውቁታል። ባለ ቀይ ክሩን። አንድ ትርፍ ደግሞ ያድርጉልኝ።»

አልጣሽ አፏን ከፈተች። ጦስኝ ነው አንተ ሞኝ፣ ልትለው ነበር። ትርፉን ምን ሊያደርገው እንደሆነም ገባት። ከዚያ ጋኖቹ ትዝ አሏት፣ አፏን ዘጋች፣ «እሺ ሼፍ» አለች። ቁልቁለቱን እየሳቀች ወረደች። ሰላጣ የያዘ ክታብ ሚስት መያዝ ያቅተዋል? ይኼ ባለ ቆብ!

ገና ሲቃረብ ከየአገሩ የመጣው ምዕመን ከተማውን ሞላው። ሆቴሉ በየቀኑ ያዛል። መሪጌታ አረጋም አልተኙም፤ «ሰላጣ ያቆየ» እያሉ ያንኑ ከረጢት ጦስኝና ከሰል ሞልተው ይሸጡ ጀመር። ለእርጅና ነው፣ ለትዳር ነው፣ ለሕመም ነው፤ ለሁሉም ያው ነው። አልጣሽ ሰማች። አንድ ቀን መንገድ ላይ ሲገናኙ ሁለቱም አንገታቸውን ሰበር አድርገው ተላለፉ። እሷም አልተናገረችም፣ እሳቸውም አልተናገሩም፤ ሁለቱም በዚያች ከረጢት እየበሉ ነው።

ገና አልፎ ከተማው ጸጥ ማለት ሲጀምር፣ አልጣሽ ጠዋት ቅርጫቷን አዝላ ስትወጣ ከቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ሰው ተሰብስቦ አየች። ጎረቤቷ ሰብሌ ናት። ሰብሌ ከዚያ በር ላይ ጧፍ ትሸጣለች፤ ከአልጣሽ ጋር በአጥር ላይ ጨው ይዋዋሳሉ። ግንቡን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል፣ አንድ እጇ አልታዘዝ ብሏታል። ጧፎቿ ከፊቷ ተበትነዋል። አንገቷ ላይ ባለ ቀይ ክሩ ከረጢት ተንጠልጥሏል።

«የደም ግፊት ክኒንሽስ?» አለች አልጣሽ፣ ተንበርክካ።

«ተውኩት እኮ» አለች ሰብሌ፤ አንደበቷ ተሳስሯል። «ይኼን ካሰርኩ ወዲህ... ያንቺን ሰላጣ ያቆየ እኔን ያቅተዋል ብዬ?»

አልጣሽ ከዚያ በኋላ ያደረገችውን አስባ አላደረገችውም። ከረጢቱን ከአንገቷ በጥሳ በጥርሷ ቀደደችው። መዳፏ ላይ ገለበጠችና በተሰበሰበው ሰው አፍንጫ ሥር እየዞረች አስሸተተችው። «አሽትቱ! ጦስኝ ነው! ሻይ ውስጥ የምትጨምሩት ጦስኝ! ይኼ ከሰል ነው! ከምድጃ የወጣ ከሰል! ለቅጠል ነው የሠራሁት፣ ለሰው አይደለም!» አንዲት አሮጊት «አበስኩ ገበርኩ» ብላ ወደ ኋላ አለች። አልጣሽ የቀረውን አፏ ውስጥ ጨምራ አኘከችው። ጥርሷ ጠቆረ፣ ከንፈሯ ጠቆረ። «ይኸው! ምን ሆንኩ? ጅብ ሆንኩ?»

ቅርጫቷን እዚያው ጥላ ሰብሌን ባጃጅ ላይ አሳፍራ ሆስፒታል ወሰደቻት። ነርሷ ማንን አስቀድማ እንደምትቆጣ ግራ ገባት፤ ክኒኑን የተወችውን ነው ወይስ ከሰል የበላችውን። ሰብሌ በቶሎ በመምጣቷ ተረፈች፣ እጇም ቀስ እያለ ይመለሳል አሉ። አልጣሽ ከአልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ ስትሰድባት ዋለች፤ እየሰደበቻትም እጇን ስታሽላት ነበር። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ እያለች፣ ለራሷ ብቻ።

ማታ ከተማው ሁሉ ሰምቷል። መሪጌታ አረጋ ሊረግሟት እንደተዘጋጁ ተነገራት፤ ይርገሙ አለች። ሆቴሉን ግን እንዳጣችው እርግጠኛ ነበረች። ያን ያህል ቀን የሳቀችበት ሰው ምን ብሎ ይገዛታል? ያም ሆኖ ሲነጋ ሰላጣዋን ቆርጣ በወረቀቱ ጠቅልላ ወጣች። ባይሆን ስድቡን ተቀብላ ትመለሳለች፤ ስድብ ለእሷ ምን ብርቅ ነው።

አድማሴ ወጥ ቤት ውስጥ ሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ቆቡን አላደረገም። መላጣ መሆኑን ያን ቀን አየች።

«እውነት ነው የሚሉት?» አላት።

«እውነት ነው።»

«ጦስኝ ብቻ?»

«ከሰልም አለበት።»

እጁን ሸሚዙ ውስጥ ሰዶ ከረጢቷን አወጣ። ላብ በልቷታል፤ ቀዩ ክር ወይቧል። አገላብጦ ያያት ጀመር። አልጣሽ ለስድቡ ተዘጋጅታ ነበር፤ መልሱንም በመንገድ ላይ አሰናድታዋለች።

«ትመጣለች ብዬ ቤቱን ቀለም አስቀባሁት እኮ፣ እትዬ» አላት። «የምትወደውን ሰማያዊ።»

ሰው ትዳሩን አንገቱ ላይ አስሮ ሲዞር እሷ ቁልቁለቱን በሳቅ ትወርድ ነበር። አፈረች፤ አልጣሽ ማፈር ብርቋ ስለሆነ ምን እንደሚያደርጉበትም አታውቅም። ቅርጫቷን አወረደችና ከጎኑ ካለው የድንች ሣጥን ላይ ተቀመጠች።

«ደውለህላታል?»

«ለአለሜ? አልደወልኩም።»

«አንዴም?»

«ይኼ ይጠራታል ብዬ ነዋ።»

አልጣሽ ከረጢቷን ከእጁ ወሰደችና ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። አድማሴ ስልኩን አየ፣ እሷን አየ። ከደጅ አንድ አስተናጋጅ ሰላጣው ደርሷል ወይ ብሎ ጠየቀ። አድማሴ «ደርሷል፣ አስገባው፣ ነገም ይመጣል» ብሎ መለሰለት። ከዚያ ድምፁ እንደገና አነሰ።

«ምን ብዬ ልጀምር፣ እትዬ?»

«ቤቱን ቀለም አስቀብቻለሁ በላት» አለችው።